አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች

ሰኞ

የፕሮግራሙ ስህተት ዛሬም አልተገኘም። ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ፤ እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብሬክፖይንት እንላታለን፤ «እዚህ ስትደርስ ቁም፣ ውስጥህን ልይ» ማለት ናት። ፕሮግራሙ ይቆማል። አየዋለሁ፣ ሁሉም ትክክል ነው። መልእክቱ ግን አይደርስም። በሽቄያለሁ።

የእድራችን ፕሮግራም ነው። የጻፈው ወንድሜ ዮናስ ነው። ሰው ሲሞት ለከተማው አባል በቀጥታ ስልኩ ላይ ይልካል። ገጠር ላለ ዘመድ ግን አይልክም፤ ለጎረቤቱ ነው የሚልከው፣ ጎረቤትየው ሽማግሌ ይዞ በማለዳ መርዶውን እንዲነግር። ዮናስ በዚህች ነገር ይኮራ ነበር። «ኮምፒውተርም ወግ ይማር እንጂ» ይለኝ ነበር።

ዮናስ ራሱ ሞተ። መልእክቱ አንኮበር አልደረሰም። እሁድ አርባው ነው።

ማክሰኞ

እማዬ ዛሬም ስለ እትዬ በላይነሽ ጀመረች። የአባቴ እህት ናቸው። ዮናስ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንኮበር እሳቸው ቤት ነው ያደገው። ቀብሩ ላይ አልነበሩም። የሰሙት በሦስተኛው ቀን ገበያ መሃል ነው። «ልጄን ደብቀውኝ ቀበሩት» ብለው እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጡም። እማዬ ደግሞ «ተልኮላት ቀርታ ጭራሽ እሷ ትቀየም?» ትላለች።

ይህን ያስያዝኳት እኔው ነኝ። ያኔ ስክሪኑን አሳይቻት «ይኸው፣ ተልኳል ይላል፣ ዮናስን!» ብዬ ምዬላታለሁ። ለምን ስልክ አልተደወለም? መርዶ በስልክ አይነገርማ! ሁላችንም በፕሮግራሙ ተማመንን።

ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ። የእትዬ ጎረቤት ናቸው፤ መልእክቱ መግባት የነበረበት እሳቸው ስልክ ላይ ነው። «ወላሂ ልጄ፣ አንዲት ነገር አልገባልኝም። ገብቶልኝ ዝም እላለሁ?» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። እማዬ አታምናቸውም።

ረቡዕ

ከሥራ ቀረሁ። አሞኛል አልኩ፤ ውሸትም አይደለም። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውርጭ ጣቴን አደንዝዞት ነበር።

የሞከርኩት፦
— ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት።
— ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን።
— መሳደብ።
— የሌሎቹን አባላት ቁጥር ሁሉ አውጥቶ፣ በጋሽ ሰይድ ቁጥር ፈንታ የራሴን ማስገባት። የሟች ስም ሲጠይቀኝ የራሴን ጻፍኩ። በሕይወት ያለ ሰው ስም እዚያ መጻፍ ሟርት ነው፤ በሌላ ሰው ከማሟርት በራሴ ይሁን። ስልኬ ላይ ምንም አልገባም።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ፕሮግራሙ የሚቆምበት መስመር እኔ ነጥብ ካደረግኩበት መስመር ጋር አንድ አይደለም። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ጽሑፉ ይለያል። ይህን ሁሉ ቀን እንዴት አላስተዋልኩም? ደንቆሮ።

ሐሙስ

ተገኘ። ምነው ባልተገኘ።

ዮናስ ሁለት ማኅደር አለው፣ አንዱ «ከተማ»፣ አንዱ «ገጠር»። በሁለቱም ውስጥ ያለው ፋይል ስሙ «ላኪ» ነው። ነጥቧን የማደርገው የገጠሩ ላይ ነው፤ ነጥቧ ላይ ፕሮግራሙን የሚያቆመው የመፈተሻ መሣሪያ ግን ስሙን ብቻ እያየ የከተማው ላይ ሄዶ ይቆማል። እኔ ደግሞ የከተማውን እያየሁ የገጠሩ ደህና ነው እላለሁ። የገጠሩን ፋይል ስም ቀየርኩት። ወዲያው ቆመ።

የቆመበት መስመር «ከዚህ ተመለስ፣ አትላክ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሳይልክ ቢመለስም ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» ይላል። ከጎኑ ማስታወሻ አለ፦ «ለሙከራ። ነገ ይጠፋል። ሰናይት።»

ሰናይት እኔ ነኝ።

ክረምት ላይ፣ ዮናስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ፕሮግራሙን እየሞከርኩለት ነበር። ጋሽ ሰይድ የምር መስሏቸው ሽማግሌ ሰብስበው እትዬን እንዳያስደነግጡ ብዬ መላኩን ዘጋሁት። በማግሥቱ ላጠፋት «ላኪ»ን ከፈትኩ፤ መስመሯ የለችም። ዮናስ አጥፍቷታል ብዬ ተውኩት። የከፈትኩት የከተማውን ነበር። ታዲያ መሣሪያውን በምን አፌ ልውቀሰው?

ወይኔ! መስመሯን አጠፋኋት። ሞከርኩት፣ ስልኬ ላይ ገባ። የራሴን መርዶ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ምንም ደስ አላለኝም።

ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት። ለአርባው ምስር እየለቀመች ነበር። «ለእትዬ አልተላከላቸውም። የዘጋሁት እኔ ነኝ። የማልኩልሽም በውሸት ነው» አልኳት። ትሪውን መሬት አስቀመጠች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ሂጂና ለሷ ንገሪያት። በስልክ እንዳታደርጊው!»

ቅዳሜ

በጠዋት ሚኒባስ አንኮበር ሄድኩ። ቀድሜ ደውዬላቸው ስለነበር ጋሽ ሰይድ መንገድ ላይ ጠበቁኝ፤ ብቻዬን እንዳልገባ አብረውኝ ገቡ። እትዬ ከስተዋል። ፋይል ምናምን ማለት አሳፈረኝ። «መልእክቱ ወደ እርስዎ የሚመጣበትን መንገድ እኔ ዘግቼ ረሳሁት» አልኳቸው።

«እናትሽ አይደለችም?»

«አይደለችም። እሷ እርስዎ የቀሩ ነው የመሰላት።»

«አርባ ቀን!» አሉ። «አርባ ቀን ሙሉ ምን በድያት ነው እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። የልጄን ፊት ሳላይ አፈር አለበሳችሁት።»

ጋሽ ሰይድ ለማብረድ «ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» አሉ። እትዬ አልሰሟቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በይ ሂጂልኝ። ዛሬ አንቺን ማየት አልችልም።»

ሄድኩ። እስከ ደብረ ብርሃን ነጠላዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። ነገ ይምጡ አይምጡ አልነገሩኝም።

እሁድ

መጡ። ሰዉ ምሳ እየበላ ነበር። ገና ከመንገዱ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ፣ ልክ እንደ ቀብሩ ቀን። ሰዉ ምግቡን ትቶ ተነሣ። እማዬ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወጣች። አንገት ለአንገት ተያይዘው ተላቀሱ፤ የሚያላቅቃቸው ጠፋ። እማዬ «አልደበቅኩሽም፣ በዮናስ አፈር አልደበቅኩሽም» ትላለች። እትዬ «አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ» ይላሉ።

ሲረጋጉ ውሃ ወሰድኩላቸው። ተቀብለው ጠጡ። ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ እጄን ያዙኝ፣ ብዙ ቆዩ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም። ይቅር ብለውኝ ይሁን አላውቅም።