ማክ ኤልራኖች የተቀበሩበት ጥግ

ውድ ወንድሜ ፌሊም፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ በማዕድን ጉድጓዱ አቧራ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አብሮህ አረጀ? ባለቤትህ ግሌኒስ ደህና ናት? ልጆችህስ፣ ሩት እንዴት ናት፣ ዴሪክስ እንዴት ነው? እናንተ ጋ፣ በዓለም ማዶ፣ አሁን የሙቀቱ ጊዜ ነው አሉ፤ እኛ ደግሞ ከገና ወዲህ ፀሐይ የምትባል ነገር አላየንም። ዝናቡ ከባሕሩ በኩል በጎን እየመጣ ድርቆሹን አበስብሶታል። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ልቤ እዚህ ላይ የለም። ሦስት ዓመት ዝም ላለኝ ሰው ስለ ዝናብ ለማውራት ብዬ እስክሪብቶ አላነሳም።

አባባ ታሟል ፌሊም። ኖቬምበር ላይ ላሞቹን እያስገባ ሳለ ወደቀ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፣ አንደበቱም ተያዘ። ይሰማል፣ ሁሉም ነገር ይገባዋል፣ ግን አንዲት ቃል አትወጣውም። ያ አጥቢያውን በሙሉ በምላሱ ሲገርፍ የኖረ ሰውዬ አሁን ውሃ ሲጠማው ኩባያ ነው የሚያሳየኝ። ሐኪሙ ገና ፂም እንኳን ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ወደ በሩ ጠራኝና ፋሲካን ላያይ ይችላል፣ ተዘጋጂ አለኝ። እኔ ደግሞ መዘጋጀት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አባባን የት እንደምቀብረው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ዳር ያለውን አሮጌውን መቃብር፣ የፈረሰውን ገዳም ግቢ፣ የአውራጃው መሥሪያ ቤት ሊዘጋው ነው። ከማርች መጨረሻ በፊት ስሙንና ቦታውን በፎርም ያስመዘገበ ቤተሰብ ብቻ ነው ከዚያ በኋላ እዚያ የሚቀብረው። የቀረነው ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ አዲሱ እንሄዳለን፤ ሬሳውን እንደ ሱቅ ዕቃ በመስመር ወደሚደረድሩበት። አባባ ሳይወድቅ በፊት አይቶት መጥቶ «እኔን እዚያ ከምትወስጂኝ ረግረጉ ውስጥ ጣዪኝ» ብሎኛል። መሥሪያ ቤቱ ባሠራው ካርታ ላይ ደግሞ የኛ ጥግ «ባለቤት የሌለው» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንዳስጻፈው እነግርሃለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ።

ስሙን የሚመዘግበው የመቃብሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ማን ይመስልሃል? ማስተር ሄራቲ ነዋ፣ ያ በግራ እጅህ ጻፍክ ብሎ ጣትህን የገረፈህ። ጡረታ ወጥቶም ማስተማሩን አልተወም። የአጥቢያው ጥንታዊ ስሞች ብሎ አምስት ስም በዝርዝር አውጥቷል፤ የራሱ አንደኛ ላይ አለ፣ የኛ የለበትም። ሱቅ ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ ዳቦ እየገዛ ሳለ ያዝኩት። እሱም በዚያ በክፍል ድምፁ «ዊኒ፣ የኔ ልጅ፣ ማክ ኤልራን የዚህ አገር ስም አይደለም። እናንተ እንግዶች ናችሁ» አለኝ። እኔም «ሁለት መቶ ዓመት የተቀመጠ እንግዳ ካገኙ ማስተር፣ እባክዎ ሻይ ያቅርቡለት» አልኩት። ሱቁ በሳቅ ሞላ። እሱ አልሳቀም። «አፍሽስ የአባትሽ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ወረቀት ነው» አለና ዳቦውን ይዞ ወጣ።

ተናድጄ እንቅልፍ አጣሁ። አባባ ሲነግረን ትዝ አይልህም? ስማችን የገዳሙ ቅዱስ አገልጋይ ልጅ ማለት ነው፣ የመጀመሪያው አባታችን የቅዱሱን ደወል ተሸክሞ ከገዳሙ ጋር ነው የመጣው ይለን አልነበር? እኔ ይሄን እንደ ጸሎት አምኜ ነው የኖርኩት። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ የሚመጣውን የመጻሕፍት መኪና ጠበቅኩና፣ የሚያሽከረክረውን ሰውዬ የመላ አየርላንድን የስልክ ማውጫና የድሮውን የመሬት ግምት መዝገብ አምጣልኝ አልኩት። ሰውዬው ሌላው ሰው የፍቅር ልብ ወለድ ነው የሚጠይቀኝ ብሎ ተገረመ። ግን አመጣልኝ።

ያገኘሁትን ስማ። በስልክ ማውጫው ላይ በመላ አገሩ ሰባት ማክ ኤልራን ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ ቤልፋስት፣ ሁለቱ ዴሪ፣ አንዱ ደብሊን፣ አንዱ ጎልዌይ ያለ ፖሊስ። እኛ ስልክ ስለሌለን አልተቆጠርንም፤ ስምንት በለው። ግላስጎው አራት ቤት አለ፣ ድንች ለመልቀም ሄደው እዚያው የቀሩት። ከዚያ እናንተ አራታችሁ። አለቀ። በዓለም ላይ ያለን ሁሉ ብንሰበሰብ አንድ አውቶቡስ አንሞላም። ያም ሆኖ አንተዋወቅም፤ የምንተዋወቀውም ተኳርፈናል።

ያስደነገጠኝ ግን የድሮው መዝገብ ነው። የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት እኛ አጥቢያ ውስጥ ሦስት ቤት ነበርን። ከኛ ሌላ ስሙ ያለው በስተሰሜን ታይሮን ውስጥ አንድ አጥቢያ ላይ ብቻ ነው፣ አምስት ቤት። በመካከሉ፣ በዚያ ሁሉ አገር፣ አንድም የለም። ደወል ተሸክሞ እዚህ የተወለደ ስም እንዴት ያን ያህል ርቆ እዚያ ይገኛል? ፌሊም የሚባል ሰውስ ከአንተና ከአያታችን በቀር እዚህ ሰፈር ሰምተህ ታውቃለህ? ኮንዲ የሚባልስ ከአባባ በቀር? እነዚህ የሰሜን ስሞች ናቸው። ዕድሜ ልኬን ስጠራቸው ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ለሰባቱም ቤት ጻፍኩ። አምስቱ ዝም አሉ። የፖሊሱ ሚስት የውርስ ጉዳይ ካለ በጠበቃ በኩል አሳውቂን ብላ መለሰችልኝ። ሰባተኛዋ ግን ሮዝ ማክ ኤልራን የምትባል የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ናት፣ ቤልፋስት። በገዛ እጇ ስድስት ገጽ ጻፈችልኝ። አያቷ እንደነገሯት የኛ ሰዎች ታይሮን ውስጥ ሸማኔዎች ነበሩ። ፕሮቴስታንቶቹ ካቶሊኮቹን ከቤታቸው በእሳት ባባረሯቸው ዓመት ሁለት ወንድማማቾች ተለያዩ። አንዱ እዚያው አካባቢ ተደብቆ ቀረ፣ የሷ ዘር ነው። ሌላው የሽመና ዕቃውንና አሮጊት እናቱን በጋሪ ጭኖ ወደ ምዕራብ ወረደ። እናቱ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ሞተች። የአገሩ ሰዎች አላወቋቸውም፣ ግን ከገዳሙ ግድግዳ ሥር ጥግ ሰጡና ቆፍረው ቀበሩላት። ልጅየው ከመቃብሯ አልርቅም ብሎ ቀረ። እኛ እሱ ነን።

ስለዚህ ደወል የተሸከመ የለም ፌሊም። አንድ ጋሪ ነን። ማታውን ለአባባ ሳነብለት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፤ ሲያልቅ ግራ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ወሰደና ደረቱ ላይ አስቀመጠው። አይሆንም አላለም።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ማስተር ሄራቲ ቤት ሄድኩ። ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት ጊዜ አነበበው። እንግዶች ናችሁ ማለቴ ልክ ነበር ብሎ ጀመረ፣ ያን ሳይል ቢያልፍ ይታመም ነበር። ቀጥሎ ግን ድምፁ ወረደ። «መቃብራችሁ ከቤታችሁ ይቀድማል ዊኒ። እንዲህ ያለ መብት ከኛ ከአምስቱ አንዳችንም የለንም። ስሙን ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ። በይ አሁን ድንጋዩን አሳዪኝ» አለ።

ቀጥ ብዬ ወደ መቃብሩ ወረድኩ።

ታውቀዋለህ፣ እዚያ ጽሑፍ ያለው ድንጋይ የለም። ሁሉም ከባሕር የመጣ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም ሰው የራሱን ያውቃል። ከግድግዳው ሥር፣ በሄራቲዎችና በላቬሎች መካከል፣ አሥራ አንድ ድንጋይ ቆጠርኩ። የቱ የኛ ነው? እኔ በምን ልወቅ? በየዓመቱ ኦገስት፣ በቅዱሱ በዓል፣ መቃብር ለማጽዳት አባባ አንተን ነበር የሚወስድህ። እኔ ዊኒ ሻይ አፍልታ ትጠብቀን ተብዬ ቤት የቀረሁ ነኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ብቻውን ሄደ እንጂ እኔን ነይ ብሎ አልጠራኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሻይ ሳፈላ ኖሬ ዛሬ ድንጋይ ቁጠሪ እባላለሁ። እናታችን በአገሩ ወግ ከወገኖቿ ጋር ነው የተቀበረችው፣ በሷ በኩል አይታወቅም። አያታችን በ1946 ሲቀበር መቃብሩን የቆፈሩት አራቱም ሞተዋል። አንተ ያኔ አሥራ አራት ዓመትህ ነበር፣ ከሬሳው ሳጥን ጀርባ ቆመሃል። ከአባባ ሌላ የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። «ባለቤት የሌለው» ያስባልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው በጋ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ወጣት ሜትር ይዞ ሲዞር ረግረጉ ላይ ለማገዶ የተቆረጠውን አፈር እየከመርኩ አገኘኝ። እዚያ መቃብር የናንተ ሰው አለ ወይ አለኝ። ግድግዳውን ሊጠግኑ ነው፣ መቃብር ያለውን ሁሉ ግብር ሊያስከፍሉ ነው ተብሎ ይወራ ነበርና «የኛ ሰው የለበትም» አልኩት። ሌላውም እንደኔው ነው ያለው። ካርታው ሲመጣ አራት መቶ ሙታን ዘመድ የሌላቸው ሆነው ተገኙ፤ ሰዉ በራሱ ላይ እየሳቀ ሄዶ አስተካከለ፣ ድንጋዩን ያውቃላ። እኔ አባባ አለ ብዬ ተኛሁ። በዚያው ሳለን ወደቀ። የገዛ አያቶቼን ሜትር በያዘ አንድ ልጅ ፊት ካድኳቸው ፌሊም። ይሄን ለማንም አልነገርኩም፣ ለአባባም።

እሱን ጠይቂው ትለኝ ይሆናል። እርሳስ ሰጥቼው በግራ እጁ መስመር አሰመረ፣ መስመሩ ከወረቀቱ ወጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ ሄደ፣ እርሳሱን ወረወረው። በጎረቤት መኪና እስከ መቃብሩ በር ወሰድነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ተሸክመውም አያሳልፍም። ከመስኮቱ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዝናቡ ግድግዳውን ሸፍኖት ነበር። መቃብር ቆፋሪው ቶም ባን ደግ ሰው ነው፤ አንዱን ድንጋይ አሳዪኝ፣ ሁላችንም የናንተ ነው ብለን እንምላለን አለኝ። እምቢ አልኩ። የሌላ ሰው አጥንት ላይ አባባን ባስገባ፣ እዚህ አገር ውስጥ ፊቴን የት አሳያለሁ? አባባስ ከማን ጋር ይተኛል?

ከሱቁ ሁለት ጊዜ ደወልኩልህ፣ ቁጥሩ አይሠራም አለ። ይሄን አድራሻ ያገኘሁት ሩት ለገና ከላከችው ካርድ ላይ ነው። እዚያ ቤት መኖርህን እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም። ደብዳቤ ለመሄድ ዘጠኝ ቀን፣ ለመመለስ ዘጠኝ ቀን። ስለዚህ እንደደረሰህ፣ ቆመህ፣ ጻፍልኝ። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ፣ ከገዳሙ መስኮት በስንት እርምጃ፣ በየት በኩል እንደሚጋደም። እርምጃው የልጅነትህ ነው፣ እሱንም ጻፈው። ከታች ፈርምበት፣ መሥሪያ ቤቱ ፊርማ ይፈልጋል። ካላስታወስክ አላስታውስም ብለህ ጻፍ፣ ዝም ግን አትበለኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አባባ በሱቁ ስልክ «ሞቼ ስትሰማ ትመጣለህ» ብሎህ ስልኩን እንደዘጋህበት አውቃለሁ። አጠገቡ ነበርኩ። ክፉ ንግግር ነው፣ እንዳለውም ያኔውኑ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን አንተ ሄደህ ነበር። ቂምህን ከፈለግክ ያዘው፣ አልቀማህም። ይቅርታም አልጠይቅህም። ድንጋዩን ብቻ ላክልኝ።

ለግሌኒስ ሰላም በልልኝ፣ ፎቶዋን ከራዲዮው በላይ ሰቅለነዋል። ሩትን ስለ ካርዱ እጇን ሳምልኝ፤ አባቷ ያልጻፈውን እሷ ጻፈች። ለዴሪክም ሰላም በልልኝ። ኮንዲ ሳትለው በመቅረትህ ዓመት ሙሉ ተቀይሜህ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ፤ ዴሪክም ማክ ኤልራን ነው፣ ያለን ጥቂት ነን። ጎረቤቶቹ በሙሉ፣ ቶም ባንም ሰላም ይሉሃል። ማስተር ሄራቲም ሰላም ብሎሃል፣ በየትኛው እጅህ እንደምትጽፍ ግን አልጠየቀም። አባባ ሰላም ይልሃል ብዬ ልጽፍ አልችልም፣ መናገር አይችልማ። ነገር ግን ስምህን ባነሳሁ ቁጥር በግራ እጁ ተንጠራርቶ ራዲዮውን ይዘጋዋል፤ ከዚያ እስክቀጥል ድረስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

እህትህ ዊኒ

ካሪግናሺ፣ ሜዮ
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1984