ላኪው ያልታወቀ ጓንት

ፕሮቪደንስ፣ ነሐሴ 9

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ኮርቻ ቤቱ ሥራ እንዳይበዛብህ እሰጋለሁ፤ አሥር ዓመት የቤዝቦል ኳስ ስትቀልብ ጣቶቹ በተሰባበሩ እጅ መርፌ እንዴት እንደምትይዝ እግዜር ይወቀው። እኔ፣ ዴሊያና ሕፃኗ ልጃችን ደህና ነን። እንዲያውም ዛሬ ከደህናም በላይ ነን።

አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ። በግንቦት የግራ እጄ የቀለበት ጣት ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረ። ሐኪሙ አንዴ ከደገመው እቆርጠዋለሁ አለኝ። ጣት የጎደለውን ሰው ሯጮቹ በሚሽቀዳደሙበት አንደኛ ቤዝ ላይ ማን ቀላቢ አድርጎ ያቆመዋል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከየአቅጣጫው የሚወረወርልኝን በባዶ እጄ ቀልቤ፣ እንደሱ ያለ አልታየም ተብዬ፣ ወደ ድሮ ሥራዬ ወደ ብረት ማቅለጫው ልመለስ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ጓንት ማድረግ እችል ነበር። ግን አንተ እዚያ ትሮይ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጓንት የወይዛዝርት ነው፤ ወንድሜ ካደረገ ስሜን ይመልስልኝ" ብለሃል። ከሐኪሙም ከቡድናችን ካፒቴንም ይልቅ አንተን ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት የላኪው ስም ያልተጻፈበት ጥቅል መጣልኝ። ውስጡ የግራ እጅ ጓንት ነበር፤ ከሩቅ እንዳይለይ ቆዳው የሰው እጅ ቀለም ተነክሯል። ክሩ ፈረስ ቢጎትተው አይበጠስም፤ ስፌቱ ግን እዚህም እዚያም ይጠማል። የሰፋው ሰው ትንሿ ጣቴ ወደየት እንደተጣመመች ሳይቀር ያውቃል። ዴሊያን ስለ ሕመሜ ለማን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ትናንት አደረግኩት። ቀለሙ ማንንም አላታለለም። የተጋጣሚው ቡድን ሯጭ ገና ሲያየኝ "እመቤት፣ ሌላኛውን ጓንት የት ጣልሽው?" አለኝ። የራሳችን ካፒቴን ማክጊሊን እንኳ "ሰርግ ካለብህ አስቀድመህ አትነግረንም?" ብሎ ሳቀብኝ። ቦታዬን ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻው ዙር የቡድን ጓደኛዬ ፊኒ ከሦስተኛው ቤዝ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረልኝ፤ ኳሷ በቀጥታ የታመመው ጣቴ ላይ አረፈች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ኳሷ እጄ ውስጥ ናት፣ ሯጩ ቤዙን ሳይረግጥ ተቀድሞ ከጨዋታ ወጥቷል፣ ጨዋታው አልቋል። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፌ ዘረጋኋቸው፤ ምንም አልሆኑም። ቤት ገብቼ ሕፃኗን በሁለት እጄ አቀፍኳት። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ማክጊሊን ዛሬ ጠዋት ለከርሞም ቦታው የአንተ ነው አለኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ጓንቱን የት እንዳሰፋሁት በጆሮዬ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

መጠጥ ቤት ያሉት ወዳጆችህ ስለኔ ሲያወሩ እንደ ልማድህ ስደበኝ፤ አልቀየምህም። ጌታ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ እጅህን ይባርክልኝ። የሰፋውን ሰው ድንገት ካገኘኸው ደግሞ አውራ ጣቱ ጋ ትንሽ ጠበብ ይላል በልልኝ። ሌላ እንከን የለውም።

የምትወደው ታናሽ ወንድምህ