ጥቅምትን ያልጠበቀው ቀለም

ካስዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እህትህ እትዬ አስካለ ግን አኩርፋኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፌን አልረገጠችም። የተጣላነው አንተ በሠራኸው የመኝታ ክፍላችን የጣውላ ግድግዳ ነው። ነቀልኩት። በቁምህ ስነግርህ አልሰማኸኝም፤ አሁን መሄጃ የለህምና አርፈህ ስማኝ።

ክረምቱ ሲገባ ልጃችን ማርታ ማሳል ጀመረች። ብርድ ነው ብዬ ዳማከሴ አጠጣኋት፣ አልተሻላትም። ስትተኛ ደረቷ ያፏጫል። ጳውሎስ አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ ስትጨርስ፣ ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው ወይ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ነገር ይታያል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት። ያንን ጥቁር ነገር በየክረምቱ እየጎተትኩ ያሳየሁህ እኔ ነኝ።

ጥላሸት ነው ትለኝ ነበር። እሳት በማይነድበት ክፍል ጥላሸት ከየት ይመጣል? ሻጋታ ነው ስልህ ደግሞ፣ የሚሻግተው እንጀራ ነው እንጂ ቤት ሲሻግት የት አየሽ ብለህ አሳቅኸኝ። ክርክር ሲያቅትህ ማሳቅ ታውቅበት ነበር። እኔም ስቄ እተወው ነበር።

ቤታችን ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ የተሠራ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ውሃ የጭቃ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል። አንተ ጭቃው እንዳይታይ ጣውላ መታህበት፣ ጣውላውንም በዘይት ቀለም አሳመርከው። እስከዚህ ድረስ እጅህ ይባረክ። ነገር ግን እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ እንዳበጠ ብሩሽ ይዘህ ትነሳለህ። ጥቅምት ይግባ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ይድረቅና ትቀባዋለህ ብዬ ለመንኩህ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ለበዓል የመጣ እንግዳ የቆሸሸ ግድግዳ አይቶ ይሂድ ወይ ነው መልስህ። በርግጥ አንተ ብቻ አይደለህም። ነሐሴ ሲያልቅ አዲሱ ገበያ ያሉት ቀለም ቤቶች በሰው ይጨናነቃሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ እርጥቡን ቀብቶ ነው ዓመት የሚቀበለው። የኛ ግድግዳ ደግሞ ከሁሉም በልጦ ያበራ ነበር። ውስጡን ለቄስ።

ከክሊኒኩ እንደተመለስኩ የማርታን አልጋ ስቤ ጥቁሩን በበረኪና አሸሁት። ለቀቀ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ፣ እዚያው ቦታ ላይ ብቅ አለ። ከመሣሪያ ሳጥንህ ካቻቪቴህን አውጥቼ ቀለሙ ያበጠበት ላይ ጫን ባደርገው ዳቦ የወጋሁ ያህል ገባ። እንጨቱ አልቆ ቀለሙ ብቻ ነው የቆመው።

ልጅቷን ሳሎን ማስተኛት እንደጀመርኩ እትዬ አስካለ ቀለም ቀቢ ይዛ መጣች። ለሙት ዓመቱ ሰው ስለሚመጣ ግድግዳው ይታደስ አለች። ያንተኑ ቃል ነው የደገመችልኝ። ሻግቷል፣ ልጄን እያሳመመብኝ ነው አልኳት። ወንድሜ አፈር ሳይደርቅበት የእጁን ሥራ ልታጠፊ ነው ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ቀቢውን ግን መለስኩት።

ከዚያ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ጣውላውን አንድ በአንድ ነቀልኩት። ቀለሙ ሲሰበር እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ቢጫውን ማርታ ስትወለድ ነው የቀባኸው፤ ቀቢ እንጥራ ስልህ ለልጄ ራሴ ነኝ ብለህ ቲሸርትህን አበላሸኸው። የላይኛው ውሃ ሰማያዊ የመጨረሻህ ነው። እሱን ስትቀባ እያሳልክ ነበር። ብርድ ነው አልከኝ፤ በኅዳር ቀበርንህ። ሐኪሞቹ ሳንባው ነው አሉ እንጂ ከምን እንደመጣ አልነገሩኝም። እኔም ከግድግዳው ነው ብዬ አልምልም። አለማወቄ ራሱ ያንገበግበኛል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። የእምቢታህ መከራ ግን የተረፈው ለልጅህ ነው።

የበሰበሰውን አስወጥቼ ጣልኩ፤ ከቤቱ ጀርባ የውሃ መውረጃ ቦይ አስቆፈርኩ፤ ጥቅምትን ሙሉ መስኮቱን ከፍቼ ጭቃውን አደረቅኩት። እሑድ ዕለት ሳሎኑ ስለማይበቃ ግማሹን እንግዳ እዚያ ክፍል አስቀመጥኩ። ሰው ግድግዳውን አየት፣ እኔን አየት ያደርጋል። ባሏ ሲሞት ቤቷ ፈረሰ ያሉኝ ይመስለኛል። ለማንም አላስረዳሁም። ያንተን ዓመል ስለማውቅ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው ያስተናገድኩት፤ እንግዳ ፊት በባዶ ጭቃ መቆም እንዴት ባሳፈረህ ነበር። ለምን እንዳፈርኩልህ አላውቅም። በዚያው ቅጽበት እየተናደድኩብህ ነበር።

የማርታ ሳል ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልለቀቃትም። ሰሞኑን አባዬ የሠራው ግድግዳ የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። አርጅቶ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ገና ልጅ ናት።

አልረሳህም፣ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። ስታድግ አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብትለኝ፣ ቤቱን የሚወድ፣ እንግዳ አክባሪ፣ ሲያስቅ የሚያስረሳ ሰው ነበር እላታለሁ። ነግሬው ነግሬው እምቢ አለኝ ብዬም እነግራታለሁ። እትዬ አስካለ ሙት አይወቀስም ትለኛለች። እሷ ምን አለባት። ለእኔ ግን ማታ ማታ ከጎኔ ያለህ የሚያስመስልልኝ ይህ ንዴት ነው፤ እሱ የበረደ ዕለት ብቻዬን እንዳልቀር እፈራለሁ።

አልማዝህ