አልሸጥልሽም ያለኝ ሻጭ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ጅማ ነኝ፣ ደብተሬ። ሚኒባሷ እስክትሞላ ልጻፍልሽ። ዛሬ ሦስት የሞተር ሱቅ። የመጀመሪያው ሻጭ እኔን ትቶ ከኋላዬ ከቆመ ከማላውቀው ሰውዬ ጋር አወራ፤ ወንድሜ መስሎት። ሁለተኛው ባልሽ ይምጣ አለኝ። ባል የለኝም። ለሞተር ብዬ አሁን አላገባ!

ነገሩን ታውቂዋለሽ። የግብርና ጽ/ቤቱ መኪና ከተበላሸ ወዲህ ገበሬ ጋ የሚሄደው ሞተር ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ኃላፊዬ እስከ ኅዳር 2 ጊዜ ሰጥቶኛል። ያኔ በራሴ ገጠር መውጣት ካልቻልኩ የቡ ከተማ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሪፖርት እቀበላለሁ። እኔ! ቡና ዛፍ ሥር ካልቆምኩ ባለሙያ መሆኔ የሚጠፋኝ ሰው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን የተለማመድኩት ማርሽ በሌላት ስኩተር ነው፣ እሷ ደግሞ የኛን ዳገት አትወጣም።

ሦስተኛው ሱቅ። ሻጩ ነስሩ ይባላል። ለማን ነው አላለም። ሰላም ብሎኝ ወዲያው፣ ግራ እግርሽ ምን ይችላል? አለኝ። ፊት ለፊት! ፊቴ ጋለ። በልጅነት ልምሻ የቀጠነውን እግሬን በረጅም ቀሚስ ከሸፈንኩት ጀምሮ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው አይቶ እንዳላየ ነው የሚሆነው። በቆመ ሞተር ላይ አስቀመጠኝና ማርሹን እርገጪ አለ። ረገጥኩ። አሁን በእግርሽ ጣት ወደ ላይ አንሺው። እንቢ አለኝ። ጣቶቼ አይነሱም፣ ከድሮም።

አልሸጥልሽም አለ።

ብሩን በቦርሳዬ እንደያዝኩ ወጣሁ። በሩን ድርግም አድርጌ ልዘጋው ነበር፤ ወደ ላይ የሚጠቀለል ቆርቆሮ ሆነብኝ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ነስሩ ደግሞ ሱቁ መዝገብ ላይ ባሰፈርኩት ቁጥር ደወለ። የጫማሽ ቁጥር ስንት ነው? አለኝ። ግራ ገብቶኝ ነገርኩት። የግራውስ? አለ። (የግራው ያንሳል። ይሄን እንዴት አወቀ?) ከዚያ የምሄድባቸው ቀበሌዎች መንገድ ምን እንደሚመስል ጠየቀና ዘጋ።

እናቴ ሰምታለች። የጫማ ቁጥር የሚጠይቅ ወንድ ወይ ጫማ ሊገዛ ነው ወይ ሽማግሌ ሊልክ ነው አለች። ሞተር ሻጭ ነው ብላት ባሰባት። ቀኑን ሙሉ እያየችኝ ትስቃለች።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ማመን አቃተኝ። ነስሩ የቡ ድረስ መጣ! ከሱቁ መካኒክ ከጋሽ ታደሰ ጋር፣ በሱቁ ሞተር። ምን ሊሸጥ? ምንም። መንገዱን ሊያይ!

ወደ አባ ፊጣ የሚወስደውን ዳገት አሳየኋቸው። ከማማክራቸው ገበሬዎች ሁሉ ሩቁ አባ ፊጣ ናቸው። ትናንት ዘንቧል፣ ጭቃው የጉድ ነው። ነስሩ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ሲወጣ ከነሞተሩ ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ጋሽ ታደሰ እስኪያስላቸው ሳቁበት። ቁጡ ሰው ናቸው፤ ስኩተር ትግዛና እንረፍ እያሉ ሲያጉረመርሙ ነበር። ዳገቱን በእግራቸው ከወጡት በኋላ ግን ስለ ስኩተር አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ሐሳቡ ምን መሰለሽ። ማርሹ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላም መርገጫ ይኑረው። በጣቴ ማንሳት የማልችለውን በተረከዜ ወደ ታች እረግጠዋለሁ፤ የኋላው ሲወርድ የፊቱ ይነሳል። በቃ ይሄው ነው። የጫማ ቁጥሩም ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ነገር አሰብኩ!

ተንኮሉን ፈለግኩ። አንድ ቦታ መኖር አለበት። ቢያንስ የነዳጁን ልክፈል አልኩ። ነስሩ ጭቃውን ከሸሚዙ እያራገፈ ተቆጣ፦ «ሸጬልሽ እዚህ ዳገት ላይ ብትቀሪ ማንን ነው የምትረግሚው? እኔን አይደል? ወላሂ የሰው እርግማን አልፈልግም።» እናቴ ምሳ አቀረበችላቸው። አሁን እሷም አትስቅም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ ጅማ

መርገጫው ተሠርቷል። ጋሽ ታደሰ ከአሮጌ ሞተር ላይ ፈትተው፣ ቆርጠው፣ በየዱ። ሞተሩ ላይ ወጣሁ። አንደኛ፣ እሺ። ሁለተኛ ላስገባ ስል ተረከዜ አዳለጠኝ። እንደገና። አዳለጠኝ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ገባ።

ይበቃል፣ እለምደዋለሁ አልኩ።

ነስሩ አይበቃም አለ። ኧረ ይበቃል አልኩት፣ እኔ እኮ ነኝ የምነዳው። አይበቃም፣ ዳገት ላይ እንዲህ ቢያዳልጥሽስ? ጋሽ ታደሰን አየሁ፣ ይረዱኝ ብዬ። እሳቸው መፍቻቸውን አንስተው መፍታት ጀምረዋል፣ እያጉረመረሙ። ደክሟቸው ነበር፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። እርስዎ እንኳ ይተዉት አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ ብርሃን ከለከልሽኝ» አሉኝ።

አሁን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እንባዬ መጣ። አላዘንኩም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ግን ሰው ሞቶብኝ መስሏት አላህ ያጽናሽ አለችኝ። እኔም አሚን አልኩ፣ ምን ልበላት። በልጅነቴ የተሰጠኝ ጫማ ሲጠበኝ ይበቃል፣ መማሪያ ክፍሉ ደረጃ ሲበዛበት ይበቃል። ሌላ ሰው ስለ እኔ አይበቃም ሲል የሰማሁት ዛሬ ነው። ሞተር ሻጭ! ገርሞኛል፣ ደብተሬ። ሌላ ቃል የለኝም።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ገባ! ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ! መርገጫው ሰፍቷል፣ ላዩ ላይ ጎማ ተለጥፎበታል፣ ወንበሩም ዝቅ ብሏል፤ ስቆም በቀኝ እግሬ እደገፋለሁ። ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ማን ያቁመኝ። ነፋሱ! ጋሽ ታደሰ ፈገግ አሉ፤ ጥርስ እንዳላቸው ያወቅኩት ዛሬ ነው። ነስሩ፣ ራኮ ሂንቀቡ፣ ምንም ችግር የለም፣ ንጂው! እያለ ከኋላዬ ይሮጣል።

ከዚያ ቀሚሴ የኋላ ጎማው ካቴና ውስጥ ገባ።

አልወደቅኩም፤ ቀስ ብዬ ነበር። ጫፉ ተቀደደ። ነስሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በዚህ ቀሚስ አልሰጥሽም አለ። አሳጥሪው፣ ከሥር ሱሪ ልበሽ። አልችልም አልኩት። ለምን? አለኝ። ከልጅነቴ ወዲህ ከእናቴ በቀር የእግሬን ቅርጽ ያየ ሰው የለም ብዬ በመጨረሻ ነገርኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ።

አልተከራከረኝም። ሞተሩ ያንቺ ነው፣ እዚህ ይቆያል፣ ማንም አይነካብሽም፣ በፈለግሽው ቀን ነይ አለ። በሚኒባስ ተመለስኩ። ደስታዬ ምኑ ላይ እንዳለቀ አላውቅም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ኃላፊዬ መጣ። ቢሮው ተጠርጎልኛል፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ፀሐይ ይገባል ብሎ አባበለኝ። መልስሽን ሰኞ ብሏል። ሰኞ ኅዳር 2።

አባ ፊጣም ደወሉ። «ሰዓዳ፣ ቡንኒ ዲማቴራ፣ ቡናው ቀልቷል እኮ። ጫፉ የሚደርቀው ዛፍ ግን በዝቷል። መቼ ነው የምትመጪው?» እመጣለሁ አልኳቸው። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ማታ ራት ላይ ለእናቴ የቀሚሱን ነገር ነገርኳት። ቀሚሶቼን በሙሉ የምትሰፋው እሷ ናት፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ መጥታ ተቀመጠች። «ያኔ ልጆቹ ሲስቁብሽ እያለቀስሽ ትመጪ ነበር፤ ለዚያ ነው ያስረዘምኩት። አሁን ማን ሳቀብሽ?» አሰብኩ። አሰብኩ። ነስሩ እግሬን ፊት ለፊት እያየ የጠየቀኝ ለማርሽ ነው። አልሳቀም፣ ከንፈሩንም አልመጠጠልኝም። ለካኝ እንጂ።

ማንም አልኳት።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ፣ ጅማ፣ መርካቶ

ልብስ ሰፊዋ ሐዋ ጋ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ቀሚሴን ከጉልበት በታች ቆርጣዋለች፤ ቁራጩ እግሬ ሥር ወድቋል። ነስሩ ጋ ደወልኩ። ዛሬ ቁልፉን አዘጋጅ አልኩት። በደስታ ጮኸ። ከኋላው ጋሽ ታደሰ ምን ሆንክ ሲሉት ይሰማኛል። ሰኞ ቢሮ የምገባው በሞተር ነው፤ መልሴን ሰጥቼ ከዚያው ወደ አባ ፊጣ።

የቀረው ሱሪው ነው። ጠባብ፣ ካቴና የማይዘው። ሐዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ እግሬን አየች፣ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሁለቱንም በቀኙ ልክ ላድርገው? እንዳይለይ? አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው።

አይ አልኳት። እያንዳንዱን በልኩ ስፊልኝ።

ሜትሯን ይዛ ወደ ቀኙ ጎንበስ አለች።

ከግራው ጀምሪ አልኳት።