አምስት የእንግሊዝኛ ቃላትና አንድ ሳንቃ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የሕንጻ እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤናዎን ከነመላው ቤተሰብዎ እየጠየቅሁ፣ ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ወገብዎ እንዳይከዳዎትና በተለይም ደረጃ መውጣት እንዳያቅትዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው በእርስዎ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው በቅርብ ስለማውቅ ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ስላላት፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወደ ጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒ ክፍል አመላልሳታለሁ። መራመድ ያቃታቸው ሰዎች የሚታከሙበት ይህ ክፍል በሩ ላይ አራት ደረጃ አለው፤ ንድፉን ያወጣው ባለሙያ ታካሚው ድኖ እንዲመጣ አስቦ ይሆናል። በደረጃው ጎን ለወንበር ጎማ የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ ይሠራልን ብለን ባመለከትን ጊዜ ወዲያው ኮሚቴ አቋቋሙልን። ሲሚንቶ ቢጠፋ ኮሚቴ እንደማይጠፋ ስላሳዩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታ ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝም፣ ቀሪውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በኮሚቴው ሪፖርት ላይ ስለ መወጣጫው የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አንድ ቅጽል ጎድሎት ስለነበር፣ “ቋንቋ ያውቃል” ተብዬ በመጠራቴ ክብር ተሰምቶኛል። ሪፖርቱ ለምን በአማርኛ እንደማይጻፍ ብጠይቅ፣ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ከላይ ያሉት አለቆች ክብደት አይሰጡትም ተባልኩ፤ እነዚያው አለቆች ሲቆጡም ሲስቁም በአማርኛ እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የቀረበልኝም ጥያቄ ሥራው “ፊዚብል” ነው ይባል፣ “ቫያብል”፣ “ፕራክቲካል”፣ “ዎርከብል” ወይስ “አቺቨብል” የሚል ነበር። እነዚህ ቃላት ሁሉ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው አድርጌ፣ ፊዚብል ሲጠና ሊሠራ የሚችል፣ ቫያብል ከተሠራ በኋላ ሳይወድቅ የሚዘልቅ፣ ፕራክቲካል ለአጠቃቀም የሚመች፣ ዎርከብል እንከን ባያጣም ሥራውን የሚሠራ፣ አቺቨብል ደግሞ ከጣሩ የሚደርሱበት መሆኑን ዘርዝሬ አቀረብኩ። አራት ደረጃ አጠገብ ለሚፈስስ ሲሚንቶ የትኛውም ቢጻፍ አያሳፍርም ብዬ ብጨምር፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ይህኛውን አስተያየቴን “ከአጀንዳ ውጪ” ብለው መዘገቡት።

2ኛ/ የኮሚቴው አባላት ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሹሙ “ፊዚብል” ከተባለ በጀት አምጡ ይባላልና ይቅርብን አሉ። መሐንዲሱ “ቫያብል” ተብሎ ነገ ቢሰነጠቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ አሉ። የሕግ አማካሪዋ “አቺቨብል” ማለት ቃል መግባት ነው ብለው አስጠነቀቁ፤ “ዎርከብል” የሚለው ድሃ ድሃ ይሸታል ተባለ፤ “ፕራክቲካል”ን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ማንም መንገደኛ የሚያውቀው ቃል ነው ብለው ጣሉት። ሻይ ተጠጣ፣ ብስኩት ተበላ፣ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ በሚቀጥለውም ስብሰባ ከፊዚብል ጀመርን። በመጨረሻ እንደገባኝ ከሆነ የሚፈለገው ቃል “ይቻላል” የሚል መስሎ “እንሠራዋለን” የማይል ቃል ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቃል ሳያዘጋጅ በመቅረቱ፣ በቋንቋው ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3ኛ/ ለአፍ ዳገት የለውም፤ ለባለቤቴ ግን አራት ደረጃ ዳገት ነው። ይህን ያየው ጎረቤታችን አናጢው ቃሉ እስኪመረጥ አልጠበቀም። ሰፊ ሳንቃ አስተካክሎ፣ ጎማ እንዳያንሸራትት ቀጫጭን እንጨት ላዩ ላይ መትቶ፣ ደረጃው ላይ አጋደመልን። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ በሰው ትከሻ መግባቷ ቀረ፤ ክራንች የያዙትም፣ ልጆቻቸውን በጋሪ የሚገፉትም ተጠቀሙበት። የባለቤቴም እጅ በሕክምናው ቀስ በቀስ መታዘዝ ጀመረና አንድ ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ ራሷ ቆለፈች። እንደ ሠርጋችን ቀን ደስ አለኝ። ለዚህ የማመሰግነው አናጢውን ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎን የማመሰግነው እስከዚያ ድረስ ሳንቃውን ስላላየብን ነው።

4ኛ/ ወዲያው ለኮሚቴው አዲስ የስብሰባ ጠረጴዛ መጣ። የእርስዎም ጽሕፈት ቤት በሩ ላይ ደረጃ ስላለው፣ ሠራተኞቹ ያን ከባድ ጠረጴዛ ተሸክመው ለመውጣት ታግለው አቃታቸው። አንደኛው ወደ ፊዚዮቴራፒው ሄዶ ሳንቃችንን አመጣ፤ ጠረጴዛው በጋሪ ላይ ሆኖ ያለምንም ጣጣ ሽቅብ ገባ። እኔም በቦታው ነበርኩና ጥናቱ ያለቀ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

5ኛ/ ሳንቃው ግን አልተመለሰም። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ በጽሕፈት ቤቱ በር የገባ ዕቃ ሁሉ ንብረት ተብሎ ስለሚመዘገብ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አይወጣም። ኮሚቴው ደግሞ ሳንቃውን መመለስ “ፊዚብል” ይሁን “ፕራክቲካል” ገና አልወሰነም፤ እኔም በአዲሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ቃሉን እንዳስመርጥ ተጋብዣለሁ። እኔ ግን አልመጣም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሳንቃው ከሄደ ወዲህ ባለቤቴ ሕክምናዋን አቋርጣለች። እንደ ከረጢት በሰው ትከሻ አልገባም ብላለች፤ እኔም አልፈርድባትም። የምታክማት ባለሙያ እጇ ሳይሠራ ከሰነበተ መልሶ እንደሚደርቅ ነግራኛለች። ትናንት የሹራቧን ቁልፍ የቆለፍኩላት እኔ ነኝ፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል። ስለዚህ መወጣጫውን ለልጅ ልጆቻችን ያቆዩትና፣ ለእኛ ሳንቃችንን ብቻ ይመልሱልን።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ፈጣን የሚለው ቃል ትርጉም በኮሚቴ እስኪጠና ድረስ፣ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከደረጃው በታች ሆኜ ቀና ብዬ የምመለከትዎ፣

የቀድሞው የእንግሊዝኛ መምህር፣ የአሁኑ ወንበር ገፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለባለቤቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ ከእኔ ዝርዝር ሁሉ የሚያጥር የራሷን መልእክት እንዳደርስ አደራ አለችኝ፦ “ታካሚ ብላችሁ ከምትመዘግቡኝ ጠረጴዛ ብላችሁ ብትመዘግቡኝ ኖሮ ይሄኔ ገብቼ ነበር በላቸው።”