ምንጩ «ማን» ሳይሆን «የት» እንደሆነ ስለማስረዳት

ለተከበሩ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ ባለፈው ሳምንት እኔ ዘንድ መጥተው ብዙ የደከሙት ሠራተኞችዎም የክንዳቸው መዛል እንደተሻላቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ከአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና እየተረከብኩ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች የምልክ ነጋዴ ነኝ። ደንበኞቼ ቡናው ከሌላ ቦታ ቡና ጋር ያልተደባለቀ፣ በሙያችን አነጋገር «የአንድ ምንጭ» እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሁላችንም እትዬ ለምንላቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ምንጩ አንድ ብቻ መሆኑን ውጭ ያሉት ሰዎች አጥብቀው ይጠይቃሉ። ከሌላ ጋር እንዳይነካካ ይጠብቁት። ናሙናውን ራስዎ ይዘው ይምጡ።» ደብዳቤው ለእሳቸው ከመድረሱ በፊት እርስዎ ዘንድ መድረሱን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ፖስታችን እንዲህ ፈጣን መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሆነውን በዕለት ማስታወሻዬ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ) ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰባት ሠራተኞችዎ የመጋዘኔን በር ሰብረው ገቡ። በሩ ክፍት ነበር። ክፍት በር ለመስበር መጀመሪያ መዝጋት ስለሚያስፈልግ፣ ለዚህ ድካማቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

፪ኛ) የማኅበሩን ቡና የሚቀምስልኝ የእህቴ ባል ነው። ገበያው ሁሉ «አፍንጫው» ይለዋል፤ ጆንያው ሳይፈታ ቡናው ዝናብ እንደነካው በማሽተት ብቻ የሚናገር ሰው ነው። የቡድኑ መሪ አንገቱን አንቆ «ምንጩ ማን ነው?» ሲለው፣ አማቼ «ማን ሳይሆን የት ነው የሚባለው» ብሎ አረመው። መሪው በጠመንጃው ሰደፍ አፍንጫውን መታው። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ከቆምኩበት ከሚዛኑ አጠገብ ተሰማኝ። ጥያቄው ሲደገምለት በደም በታፈነ አፉ «ተራራው ሥር» ብሎ መለሰ፤ መሪው ደግሞ «ተራራው ሥር ማን አለ?» አለና እዚያው ቦታ ላይ ደገመው።

፫ኛ) ናሙናውን ይዘው የመጡት እትዬ ነገሩ እንዲበርድ ብለው «ምንጩማ እኛ ነን፣ መቶ አርባ አባወራ» አሉ። ሠራተኞችዎ ይህን «መቶ አርባ አባላት ያሉት ስውር መረብ» ብለው መዘገቡና፣ የስም ዝርዝሩን እንዲያወጡ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ሰበሩት። ዝርዝሩ ከሠራተኞችዎ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው።

፬ኛ) አርባ ጆንያ በሳንጃ ተዘረገፈ። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ቡና የአማቼ ደም ስለገባበት፣ ከእንግዲህ የአንድ ምንጭ ነው ብዬ ልልከው ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

፭ኛ) አማቼን መኪና ላይ በፊቱ ደፍተው ወሰዱት፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከእህቴ ጋር ሆነን ቢሮዎ መጥተን ነበር። የኮሪደሩ ግድግዳ እስከ ደረት ድረስ ጥቁር ቀይ ቀለም መቀባቱን ስናይ፣ የቀለሙ ምርጫ ከብዙ ልምድ የመጣ መሆኑን ተረድተናል። ጸሐፊዎ «ገና አልተናገረም» አሉን። እህቴ «ስለ ቡና ጠይቁት፤ እኔ እንኳ በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ዝም ላስብለው አልቻልኩም» ብላ መለሰች። ከታች በኩል አንድ ሰው ጮኸ። ጸሐፊዎ ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። ለዚህ አሳቢነታቸው እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ ምንጭ ማለት ውሃ የሚፈልቅበት ነው፣ ነገር የሚጀምርበት ነው፣ ወሬ የሚያቀብል ሰውም ነው። እርስዎ ከሦስቱ የመጨረሻውን ብቻ መያዝዎ ከሥራዎ ጠባይ የመጣ ስለሆነ አልቀየምም፤ ቀሪዎቹን ሁለቱን ለማስረዳት በፈቀዱት ሰዓት እመጣለሁ። በምላሹ የምለምነው አማቼ እንዲለቀቅና አጥንቱ ጠሞ ሳይገጥም ሐኪም እንዲያየው ብቻ ነው። ለሌላው ሰው አፍንጫ መተንፈሻ ነው። የእሱ ግን መተዳደሪያው ነው፤ ደንበኞቼ የመቶ አርባውን አባወራ ቡና የሚቀበሉትም እሱ ቀምሶ በሰጠው ቃል ነው።

ለሰጡን ትኩረት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ቀና ስል የሚመታኝ እንዳይኖር ግራ ቀኙን እየቃኘሁ፣ የማይነጥፍ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

እስካሁን በአፍንጫው የሚተነፍሰው አገልጋይዎ፣
ቡና ነጋዴው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣ ልሰጥ ስል አማቼ ተለቀቀ፤ ልመናዬ በግማሽ ስለተፈጸመ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ አይቶት «ዘግይቷል» አለ። ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ስድስት ስኒ ደረደርኩለት፤ አንዱ ሆን ብዬ ያስቀመጥኩት የሻገተ ቡና ነበር። ስድስቱንም በየተራ ቀመሰ። ከዚያ እኔን ሳይሆን እህቴን እያየ «ሁሉም ጥሩ ነው» አለ። አብረን በሠራንበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጽሕፈት ቤትዎ ክፍት የሥራ ቦታ ካለው፣ የቀረበለትን ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው አለኝ።