ለራስ ምታቴ የሚፈርምልኝ

ቀን፦ ግንቦት 6

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጎረቤቴ በአስታማሚነት እንዲፈርምልኝና የራስ ምታት መድኃኒቴ እንዳይከለከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ብቻዬን እኖራለሁ። ለጠናብኝ የመንፈስ ጭንቀት በሆስፒታልዎ በማደንዘዣ እየተኛሁ የኤሌክትሪክ ሕክምና አምስት ጊዜ ወስጃለሁ። በሕክምናው አላማርርም። ከአልጋ ያስነሣኝ፣ መርፌና ክር መልሶ ያስጨበጠኝ እሱ ነው።

1. ከሕክምናው ስነቃ ግን ራሴን ይፈልጠኛል፤ የሰሞኑንም ነገር እረሳለሁ። ሐኪሜ ሕመሙ ሳይብስ ማስታገሻ እንድወስድና ጨለም ባለ ክፍል እንዳርፍ አዘውልኛል። ክኒኑ የሚሰጠው ለፈረመው አስታማሚ ብቻ ነው። ታካሚ ረስቶ ደግሞ እንዳይውጥ ነውና ደንቡን ክፉ አልለውም።

2. እስከ አራተኛው ሕክምና ድረስ እኅቴ ትመጣልኝ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ሩቅ ከተማ አዛወራት፤ የልጆች እናት ናት፣ አልፈርድባትም። በአምስተኛው ከሱቄ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ ሥራውን ዘግቶ መጣ። በአስታማሚ ቅጹ ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ ወንድም ብሎ እንዲጽፍ ለምኜው ነበር። እሱ ግን በፊርማዬ አልዋሽም፣ ጎረቤት መሆንስ ምን ነውር አለው ብሎ ጎረቤት ብሎ ጻፈ። የክፍሉ ጸሐፊ የሚፈርመው ዘመድ ብቻ ነው ብላ ወረቀቱን መለሰችበት፤ ክኒኑም ቀረ። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። እኔ የማስታውሰው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ በካርቶን የመስኮቱን ብርሃን ሲከልልልኝ ብቻ ነው።

3. አሁን ዘመድ ካላመጣሽ ሐሙስ ለስድስተኛው ሕክምና አትምጪ ተብያለሁ። ከየት ላምጣ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሆስፒታሉ አልሰማም መሰለኝ። ሕክምናው ከተቋረጠ ወደዚያ አልጋ መመለሴ ነው፤ እፈራለሁ።

ስለዚህ ጫማ ሰፊው ጎረቤት ብሎ እንዲፈርምልኝ፣ ነርሷም የመጀመሪያውን ክኒን በፊቷ አስውጣኝ ሰዓቱን በወረቀት እንድትጽፍልኝ፣ ሕመሙ እስኪበርድም መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ጥቂት እንድተኛ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ በካፖርቴ ኪስ የዚሁ አቤቱታ ቅጂ አገኘሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ የመዝገብ ቤትዎ ማኅተምም አለበት። ማስገባቴን ረስቻለሁ። ምናልባት መልስም ሰጥተውኝ ይሆናል። ቤቴ ውስጥ መልስ መጥቶልሽ ነበር የሚለኝ ሰው የለምና፣ መልሰውልኝም ከሆነ እባክዎ እንደገና ይመልሱልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ፊርማ
አመልካች ልብስ ሰፊዋ